ኢንተር ሳይመታ አንድ ቁልፍ ማንበብ፦ ከኮምቦልቻ ለመጣ የፓይተን ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። እህቴ ልብስ ስፌት ቤት ጥራት ክፍል ትሠራለች። ሸሚዝ እያገላበጠች ደህናውንና ብልሽት ያለበትን ትለያለች። ቆጠራውን በወረቀት ስትይዝ እየተምታታባት ስለተቸገረች በፓይተን ትንሽ ፕሮግራም ሠራሁላት። ደህና ከሆነ ‹ደ›፣ ብልሽት ካለበት ‹ብ› ትጫናለች። ችግሩ በየሸሚዙ ኢንተር መምታት አለባት። ‹ኢንፑት›ን ትቼ ‹ሲስ ኤስቲዲኢን ሪድ› ውስጥ 1 አስገብቼ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ‹ጌትች› የሚባል አገኘሁ፤ ከፓይተን ጋር በሚመጣው የኮድ መጻፊያ፣ አይድል ላይ ሳስኬደው ምንም ሳይጠብቅ ዝም ብሎ ይሮጣል። ሥራ ቦታዋ ያለው ኮምፒውተር ደግሞ ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ ስለሆነ ሞጁሉ ጭራሽ የለም አለኝ። ሌላ ኮድ ገልብጬ ሠራልኝ፤ ግን መሐል ላይ ሲቋረጥ ተርሚናሉ የምጽፈውን ማሳየት አቆመ። ፓይተን ይህን አይችልም ማለት ነው? ወይስ ‹ኪቦርድ› የሚባለውን ላይብረሪ ልጫን?»

ፓይተን ይችላል። ‹ኪቦርድ› የሚባለውን ላይብረሪ ግን አትጫን፤ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ። የሞጁሎቹን ስም እንደ አነባበባቸው ነው የምጽፈው፤ ኮድህ ውስጥ ስላሉ አይጠፉህም።

መጀመሪያ የሚታረመው ነገር ይህ ነው። ኢንተር የሚጠብቀው ፓይተን አይደለም፤ ተርሚናሉ ነው። ተርሚናል ስል ጥቁሩን መስኮት ብቻ ማለቴ አይደለም። ከመስኮቱ ጀርባ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ውስጥ፣ ከኪቦርድ የሚመጣውን የሚቀበል አንድ ክፍል አለ። ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጠውን ማመልከቻ ጸሐፊ አስበው። አንተ ትነግረዋለህ፣ እሱ ይጽፋል። «ይቺን ቃል አውጣት» ስትለው ይሰርዛል። ጨርሰህ እስክትፈርም ድረስ ግን አንዲት መስመር ወደ ውስጥ አትገባም። ዳኛው ደጅ ላይ ምን እየተባለ እንደሆነ አያውቅም። ተርሚናሉ ያ ጸሐፊ ነው፣ ፓይተን ዳኛው ነው፣ ኢንተር ደግሞ ፊርማህ ነው።

ይህ አሠራር የቆየ ነው። ስክሪን ሳይኖር ሰዎች ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገሩት ቴሌታይፕ በሚባል፣ ወረቀት ላይ በሚያትም የጽሕፈት መሣሪያ ነበር። ሊኑክስ ውስጥ ተርሚናልን የሚመለከተው ሁሉ እስከ ዛሬ «ቲቲዋይ» የሚባለው ከዚያ ስም ተወርሶ ነው። መስመሩ ተሟልቶ እስኪመጣ መጠበቁም ምክንያት አለው፤ የተሳሳተ ፊደል በባክስፔስ የምታጠፋው በዚሁ ጸሐፊ በኩል ነው። ይህን ያዝልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ‹ሪድ› ውስጥ 1 ስትል ምን ሆነ? ፓይተን «አንድ ፊደል ስጠኝ» አለ። ጸሐፊው ግን ገና ምንም አላስገባም። ራስህ ልታየው ትችላለህ። ሉፕ ውስጥ አድርገውና ሦስት ጊዜ 1፣ አንዴ 2 ጽፈህ ኢንተር ምታ። እስከዚያ ዝም ያለው ፕሮግራም በአንድ ጊዜ አምስት መልስ ያወርድልሃል፤ አራቱ ቁጥሮች፣ አምስተኛው ራሱ ኢንተሩ ነው። ፓይተን ከመጀመሪያውም አንድ በአንድ እያነበበ ነበር። የዘገየው ደጅ ላይ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ከፓይተን ጋር መታገል ሳይሆን ጸሐፊውን «አትጠብቅ፣ እንደመጣ አስገባ» ማለት ነው። ይህን የምትልበት መንገድ ዊንዶውስና ሊኑክስ ላይ ይለያያል። ኮድህ ሥራ ቦታ ሲሄድ እምቢ ያለህም ለዚህ ነው።

ዊንዶውስ ላይ ‹ኤምኤስቪሲአርቲ› የሚባለው ሞጁል ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል። ስሙ ራሱ የማይክሮሶፍት ስለሆነ ሊኑክስ ላይ ባይገኝ አይድነቅህ። ‹ጌትች› የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው። ግን እሱን ተወውና ‹ጌትደብሊውች›ን ተጠቀም። ‹ጌትች› የሚመልስልህ ባይት (ከ0 እስከ 255 ያለ ጥሬ ቁጥር) እንጂ ጽሑፍ አይደለም። ባይቱን ከጽሑፍ ጋር «እኩል ነው?» ብለህ ስታወዳድር ፓይተን ስህተት ብሎ አይጮህም፤ ዝም ብሎ «አይደለም» ይልሃል። ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ «ቁልፉን ተጫንኩት እኮ፣ ለምን አይገባም?» እያለ የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው። ሌላው፣ ቀስትና ኤፍ ቁልፎች ሁለት ቁራጭ ሆነው ይመጣሉ። መጀመሪያ 0 ወይም 224 ይደርስሃል፣ ትክክለኛው መለያ ቀጥሎ ነው። ወደ ላይ የሚያሳየው ቀስት 224 ከዚያ 72 ነው።

አይድል ላይ ለምን ሳይጠብቅ ሮጠ? አይድል እውነተኛ ተርሚናል አይደለም። መስኮቱን ራሱ ፓይተን የሣለው ነው፣ ከጀርባው ጸሐፊ የለም። ‹ጌትች› የሚያናግረው አጥቶ ትርጉም የሌለው መልስ ይዞ ይመለሳል። ፓይቻርም የሚባለው ሌላ የኮድ መጻፊያም በተለመደው የማስኬጃ መስኮቱ ላይ ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል፤ እሱስ ቢያንስ እንደ ተርሚናል እንዲሠራ የሚያደርግ ምርጫ ማስተካከያው ውስጥ አለው። እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ስትሞክር ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈትና ከዚያ አስኪደው። ኮድህ ትክክል ሆኖ ሳለ አይድል ላይ ስለሞከርከው ብቻ አንድ ሳምንት እንዲባክንብህ አልፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ኡቡንቱው። እዚያ የሚያስፈልጉህ ‹ተርሚኦስ› እና ‹ቲቲዋይ› ናቸው፣ ሁለቱም አብረው ይመጣሉ። ምንም ኢንስቶል አታደርግም። ሥራው አራት እርምጃ ነው። መጀመሪያ የተርሚናሉን የአሁን አቀማመጥ በ‹ቲሲጌትአትር› አንብበህ አስቀምጥ። ቀጥሎ በ‹ሴትሲብሬክ› መጠበቁንና የተጻፈውን መልሶ ማሳየቱን አስቁም። ከዚያ አንብብ። በመጨረሻም ያስቀመጥከውን አቀማመጥ በ‹ቲሲሴትአትር› መልስ። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ‹ፋይናሊ› ውስጥ፣ ማለትም ፕሮግራሙ በስህተት ቢቋረጥም በሚሠራው የፓይተን ክፍል ውስጥ መሆን አለበት። ቢመችህ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ተርሚናልህ የምትጽፈውን ማሳየት ያቆመው ይህ ስለጎደለ ነው። ፕሮግራሙ «አታሳይ» ብሎ አዘዘ፣ መሐል ላይ ሞተ፣ ትእዛዙን የሚያነሳለት ጠፋ። ተርሚናሉ አልተበላሸም። የምትጽፈው ይደርሰዋል፣ አይታይህም እንጂ። ሳታይ «ኤስቲቲዋይ ሴን» የሚለውን ትእዛዝ ጽፈህ ኢንተር ምታ፣ ወይም «ሪሴት» በል፤ ይመለሳል። ይህን ባለማወቅ የደረሰብኝን ልንገርህ። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ጆንያ የሚቆጥር ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ተቋረጠ፣ ስክሪኑም ዝም አለ። እዚያ የነበረው ልጅ ኮምፒውተሩ ሞተ ብሎ አጥፍቶ አስነሳው። ከጠዋት ጀምሮ የተቆጠረው ሁሉ ሜሞሪ ላይ ብቻ ስለነበር ጠፋ። ተሸካሚዎቹ የሚከፈላቸው በጆንያ ቁጥር ነበር። ያን ዕለት ቁጥራቸው የቱ እንደሆነ ማንም በእርግጠኝነት ሊነግራቸው አልቻለም። ከዚያ ወዲህ ‹ፋይናሊ› የሌለበት እንዲህ ያለ ኮድ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።

የገለበጥከው ኮድ ውስጥ ‹ሴትሮው› የሚል ካለ ወደ ‹ሴትሲብሬክ› ቀይረው። ሁለቱም ኢንተርን ያስቀራሉ፤ ‹ሴትሮው› ግን ጸሐፊውን ሙሉ በሙሉ ያባርረዋል። ኮንትሮል ሲ ፕሮግራሙን ማቆም ትቶ 3 ቁጥር ያለው ተራ ባይት ሆኖ ይመጣል። ስክሪን ላይ የምታትመውም አዲስ መስመር ሲጀምር ወደ ግራ አይመለስም፤ ደረጃ እየሠራ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። ‹ሴትሲብሬክ› ላይ ኮንትሮል ሲ እንደወትሮው ይሠራል፣ ‹ፋይናሊ›ህም ይደርሳል።

ሌላ በብዙ የተገለበጠ ኮድ ውስጥ የማየው ስህተት አለ። ለእያንዳንዱ ቁልፍ ተርሚናሉን ከፍተው፣ አንብበው፣ መልሰው ይዘጉታል። ለአንድ «አዎ ወይስ አይ» ጥያቄ ችግር የለውም። ለቆጠራ ግን አይሆንም። ‹ሴትሲብሬክ› ሲጠራ፣ ሌላ ካላዘዝከው በቀር፣ የተጠራቀመውን ያልተነበበ ቁልፍ ይጥላል። እህትህ ፋይል በሚጻፍበት ቅጽበት ብትጫን ያቺ ሸሚዝ ሳትቆጠር ትቀራለች። ፕሮግራሙ ሲጀምር አንዴ ቀይር፣ ሲያልቅ አንዴ መልስ። እሷ ቀኑን ሙሉ በዚያው መሐል ትሠራለች።

አሁን ጥያቄህ ውስጥ በግልጽ ያልጠየቅከው፣ እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ነገር፦ «ደ» እና «ብ»። አማርኛ መጠቀምህን ወድጄዋለሁ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሁሉ አማርኛ ይሁን። የምትጫነው ቁልፍ ግን የአማርኛ ፊደል አይሁን። ምክንያቱ ሁለት ነው።

አንደኛው፣ ፊደል እና ባይት አንድ አይደሉም። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መዝገብ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው፣ ያ ቁጥር ወደ ባይት በሚለወጥበት በዩቲኤፍ 8 ሲጻፍም እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። «ደ» 225፣ 139፣ 176 ነው። «ብ» ደግሞ 225፣ 137፣ 165። መጀመሪያቸውን ተመልከት፤ ሁለቱም 225 ናቸው። አንድ ባይት ብቻ የሚያነብ ኮድ ደህናውን ሸሚዝና ብልሹውን ሊለይ አይችልም። በ‹ሲስ ኤስቲዲኢን› በኩል ካነበብክ ፓይተን ሦስቱን ገጣጥሞ ይሰጥሃል። በ‹ኦኤስ ሪድ› አንድ ባይት ካልክ ግን የፊደሉን ሲሶ ብቻ ይዘህ ትቀራለህ።

ሁለተኛው የባሰ ነው፣ ኮድም አያስተካክለውም። የአማርኛ ፊደል ቁልፍ አይደለም። «ደ» ለመጻፍ ሁለት ቁልፍ ትጫናለች፤ ዲ ከዚያ ኢ። ታዲያ ኢንተርን አስቀርተን ምን አተረፍን? «ብ» አንድ ቁልፍ ነው፣ ግን አማርኛ የሚጽፈው ሶፍትዌር «በ» ልትሆን ነው ወይስ «ቡ» ወይስ «ብ» ሆና ልትቀር እያለ ቀጣዩን ቁልፍ ሊጠብቅ ይችላል። እህትህ «ብ» ተጭና ስክሪኑን ስታይ ምንም የለም። ትደግማለች። አሁን ሁለት ብልሽት ተቆጠረ። የሌላ ሰው ስፌት ላይ ያልነበረ ጥፋት ተጻፈ ማለት ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ቁጥር ተጠቀም። 1 ደህና፣ 2 ብልሽት። ከቁልፎቹ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፍና በእስክሪብቶ «ደ» እና «ብ» ብለህ ጻፍበት። በስተቀኝ ያለው የቁጥር ሰሌዳ ላይ ቢሆን ይሻላል፤ ግራ እጇ ሸሚዙን ይዞ በቀኟ ሳታይ ታገኘዋለች። እዚያ አንድ ጥንቃቄ አለ። የቁጥር ሰሌዳውን የሚያበራው ነምሎክ የሚባለው ቁልፍ ከጠፋ 1 ቁልፍ «ኤንድ»፣ 2 ቁልፍ ደግሞ የታች ቀስት ይሆናል። ሊኑክስ ላይ የታች ቀስት የሚመጣው እንደ አንድ ነገር ሳይሆን 27፣ 91፣ 66 ተብሎ በሦስት ባይት ነው። ይህን ለመከላከል በ‹ኦኤስ ሪድ› አንድ ሳይሆን እስከ 32 ባይት ድረስ ጠይቅ። ያለውን ብቻ ይሰጥሃል፣ 32 እስኪሞላ አይጠብቅም። የመጣው በ27 ከጀመረ ሁሉንም ጣልና «ነምሎክን አብሪ» የሚል መልእክት አሳያት።

ጸሐፊውን ስናስወጣ ማጥፊያውም አብሮ ወጣ፤ ያዝልኝ ያልኩህ ይህን ነው። ኢንተር እያለ ተሳስታ 2 ብትጫን ባክስፔስ ነበራት። አሁን የተጫነችው ወዲያው ይቆጠራል። ስለዚህ ማረሚያውን አንተ ልትሰጣት ይገባል። 0 ስትጫን የመጨረሻው ይሰረዝ። ፋይሉ ውስጥ ግን አታጥፋው፣ «ተሰረዘ» የሚል መስመር ጨምርበት። ነገ «ማን ቀነሰው?» የሚል ጥያቄ ቢነሳ መልሱ እዚያው ይገኛል።

ጣቷ ቁልፉ ላይ ቢቆይስ? ኪቦርዱ ራሱን እየደጋገመ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ 1፣ 1፣ 1 ይልካል። ተርሚናል ደግሞ በተለመደው አሠራሩ ቁልፍ መጫኑን እንጂ መለቀቁን አይነግርህም። ይህ ወሰኑ ነው፣ በ‹ተርሚኦስ›ም በ‹ጌትደብሊውች›ም ልታልፈው አትችልም። መለቀቁን ማወቅ ግድ ለሆነበት ሥራ፣ ለምሳሌ ለጌም፣ ፓይጌምን የመሰለ የራሱ መስኮት ያለው ነገር ያስፈልጋል። ለአንተ ግን ጊዜ መለካት ይበቃል። አንድ ሸሚዝ አገላብጦ ለማየት ከአንድ ሴኮንድ በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ከቀደመው በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የመጣውን ተመሳሳይ ቁልፍ አትቁጠር። ሴኮንዱን የምትለካው ከመጨረሻው ከተቆጠረው ሳይሆን ከመጨረሻው ከደረሰህ ቁልፍ ይሁን። አለዚያ እጇን አሳርፋበት ብትቆይ በየሴኮንዱ አንድ ሸሚዝ ይጨመራል። ለመለኪያው ‹ታይም ሞኖቶኒክ› ተጠቀም፤ የኮምፒውተሩ ሰዓት ቢስተካከል እንኳ አይዛባም።

የመብራት ነገር አለ። ለኮምቦልቻ ሰው ይህን መንገር አያስፈልግም። መብራት ሲሄድም ሆነ አንድ ሰው ፕሮግራሙን በግድ ሲገድለው ‹ፋይናሊ› አይደርስም። ተርሚናሉ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ይስተካከላል፣ ቆጠራው ግን አይመለስም። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሰዓቱንና ውጤቱን አንድ መስመር አድርገህ ፋይል ላይ ጨምር፣ ‹ፍላሽ› በል፣ አስከትለህም ‹ኦኤስ ኤፍሲንክ› በል። ‹ፍላሽ› ብቻውን ከፓይተን ነው የሚያወጣው፤ ወደ ዲስኩ የሚያደርሰው ሁለተኛው ነው። በሸሚዝ ፍጥነት ለሚሠራ ፕሮግራም ይህ ምንም አያዘገየውም።

‹ኪቦርድ› ላይብረሪን ለምን እንደከለከልኩህ፦ እሱ የሚያነበው ተርሚናልህን ሳይሆን ኪቦርዱን ሙሉ በሙሉ ነው። ሌላ መስኮት ላይ የሚጻፈውን ጭምር ይሰማል። እህትህ ወይም ፈረቃ የምትቀበላት ሠራተኛ የኢሜይል የይለፍ ቃሏን ስትጽፍ ያንተ ፕሮግራም ይሰማዋል ማለት ነው። አንተ ክፉ ሐሳብ የለህም፤ ግን የሰው ምስጢር የሚያልፍበት ቦታ ያለ ምክንያት አይቆምም። ሊኑክስ ላይ ደግሞ ይህን ለማድረግ የሩት፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ የሚያዝዘው ተጠቃሚ፣ ፈቃድ ይጠይቅሃል። የሥራ ቦታ ኮምፒውተር ላይ ሸሚዝ ለመቁጠር ብለህ የሩት ይለፍ ቃል ብትጠይቅ የሚከለክልህ ሰው ትክክል ነው። ‹ፓይንፑት› የሚባለው ላይብረሪም በዚሁ መንገድ ሌሎች መስኮቶችን ያዳምጣል።

‹ከርስስ› የሚባለው ሞጁል ጥሩ ነው፤ ስክሪኑን ከፋፍለህ ሰንጠረዥ፣ ቀለም፣ ሜኑ ስትፈልግ እሱን ተማር። ቀስቶችን ራሱ ተርጉሞ ይሰጥሃል፣ ‹ራፐር› በሚባለው በኩል ካስኬድከው ተርሚናሉንም ራሱ ይመልሳል። ግን ከዊንዶውስ ፓይተን ጋር አይመጣም፣ ለብቻው መጫን አለበት። ‹ሪድቻር› የሚባል ትንሽ ላይብረሪም አለ፣ ሁለቱም ሲስተም ላይ ይሠራል፣ ክፉ ነገር የለውም። አንተ የሚያስፈልግህ ግን ሃያ መስመር የማይሞላ ኮድ ነው። ለእሱ ብለህ ኢንተርኔት ላይኖረው የሚችል ኮምፒውተር ላይ ጭነት አትጨምር።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። አንድ ፋንክሽን ጻፍ። ፓይተን 3 የአማርኛ ስም ስለሚቀበል ‹አንድ_ቁልፍ› በለው፤ የእኔ ስሙ ይኸው ነው። ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ‹ኤምኤስቪሲአርቲ›ን ለማስገባት ሞክር፣ ‹ኢምፖርት ኤረር› ካለህ ‹ተርሚኦስ›ን አስገባ። የተቀረው ፕሮግራምህ የትኛው ሲስተም ላይ እንዳለ ማወቅ የለበትም፤ ‹አንድ_ቁልፍ› ይጠራል፣ መልስ ይቀበላል፣ አለቀ። ከፓይተን 3.12 ጀምሮ ‹ሴትሲብሬክ› ሲጠራ የድሮውን አቀማመጥ እንድታስቀምጠው ራሱ ይሰጥሃል። ኡቡንቱው 22.04 ከሆነ ግን አብሮት ያለው ፓይተን 3.10 ስለሆነ በዚህ አትተማመን፤ በ‹ቲሲጌትአትር› ራስህ አንብብ። ኢንተርንም ለሌላ ነገር ብትጠቀምበት 10 እና 13ን እኩል ተቀበል። 3.12.0 እና 3.12.1 ላይ 13 ሆኖ ይመጣ ነበር፣ በ3.12.2 ወደ ነበረበት ተመለሰ።

መውጫ ቁልፍም አትርሳ። 9 ለመውጫ ይሁን፣ ግን ሁለቴ ስትጫን ብቻ፤ የአንድ ሴኮንዱ ሕግ 9ን አይንካ። ሸሚዝ ይዛ በስህተት ብትነካው ቆጠራው እንዳይቆምባት።

ስትጨርስ መጀመሪያ ላፕቶፕህ ላይ ሳይሆን እዚያው ኡቡንቱው ላይ ሞክረው። ነምሎክን አጥፍተህ ተጫን። ጣትህን ቁልፉ ላይ አሳርፈህ ቆይ። በኮንትሮል ሲ አቋርጠውና ተርሚናሉ የምትጽፈውን ማሳየቱን እይ። ሶኬቱን ንቀልና ስታስነሳው ፋይሉ ላይ የመጨረሻዋ ሸሚዝ መኖሯን አረጋግጥ። ከዚያ ለእህትህ ስጣት። የመጀመሪያውን ፈረቃ ግን ወረቀቱን አታስጥላት፤ ጎን ለጎን ትያዝ። ማታ ሁለቱን አስተያዩ። ልዩነት ካለ ፋይሉን ከነሰዓቱ ላክልኝ፣ የት ጋ እንደተዛባ አብረን እናየዋለን።